የሃይሉክስ የቁልፍ ስዊች፦ ሙሉ ስብስቡ ይገዛ ወይስ ከኋላ ያለችው ፕላስቲክ ትበቃለች?

ጥያቄው በአንድ የውይይት ክር ላይ የመጣው ከኤልኤን166 ሃይሉክስ (የቶዮታ ፒክአፕ) ባለቤት ነው፤ መልሶቹ ከታች በተራ ተጠቃለዋል። ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ፣ ማርሹ በእጅ፣ ኤርባግም ኢሞቢላይዘርም (የቁልፉን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩን የሚከለክለው) የሌለው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ተነድቶ ከቆመ በኋላ ግን ቁልፉ ወደ ስታርት ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት እንደበራ ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) ዝም ይላል፤ ቁልፉን ወደ ታች ጫን አድርጎ ደጋግሞ ሲያዞረው ይነሳል። ሌላው ምልክት ኮረኮንች ላይ የሚመጣ ነው፦ የማሞቂያው ፋንና የነዳጅ ጌጁ አንድ ላይ ይጠፉና አንድ ላይ ይመለሳሉ። ጋራዡ የቁልፉን ቤት ከነመሪ መቆለፊያው፣ ከነ በር ቁልፎቹ ሙሉ ስብስብ ግዛ ብሎታል። ባለቤቱ ደግሞ የሞተው ከኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ስዊች ብቻ ነው ባይ ነው። ትክክል ከሆነ አለዋወጡን፣ ካልሆነም ስህተቱን እንዲነግሩት ጠይቋል።

1. የመጀመሪያው መላሽ በ«እርስዎ» ጀምሮ በትህትና ነው የሄደው፤ ለክሩም መሠረት የጣለው እሱ ነው። ሰው አንድ ዕቃ የሚመስለው የቁልፍ ቤት ሦስት ነገር መሆኑን አስረድቷል። ከፊት ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር አለ፤ ሥራው ቁልፉን ለይቶ መዞር ብቻ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። ከኋላ ጥቁር ወይም ነጭ የፕላስቲክ ስዊች በሁለት ትንንሽ ብሎን ተይዞ ይቀመጣል፤ ሲሊንደሩ ሲዞር በመካከሉ ያለውን ጉድጓድ ያዞረዋል፣ ኮንታክቶቹ የሚገናኙትም እዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱን የሚሸከመው የመሪው ግንድ ላይ የታቀፈው የአሉሚኒየም ቅንፍ ነው፣ የመሪው መቆለፊያም እሱ ውስጥ ነው ያለው። በቶዮታ አቆጣጠር ስዊቹ በ84450፣ ቅንፉ በ45280 የሚጀምር ቁጥር አላቸው። ሱቅ ሲገቡ «የቁልፍ ቤት» ካሉ ሙሉው ይሰጥዎታል፤ ቁጥሩን ወይም አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ ብሏል። ቁልፉ ገብቶ ሳይንገራገጭ እስከዞረ ድረስ ሲሊንደር የሚያስገዛ ምክንያት አልታየውም።

2. ይህኛው በአንድ መስመር፣ መጀመሪያ የባትሪው ራሶች ተፈተው በሽቦ ብሩሽ ይጠረጉ አለ። ኋላ ላይ ሁለት ሰው ቀለዱበት። ምክሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ የዛገ የባትሪ ራስ ቁልፉ ሲዞር ቮልቴጁን ጥሎ ልክ እንደ ሞተ ስዊች ሊያስመስል ይችላል።

3. ይህ መላሽ ሁለቱን ምልክቶች አጋጥሞ ያነበበ ነው፤ ከመላሾቹ ሁሉ አስተውሎ የጻፈው እሱ ይመስለኛል። ወደ ስዊቹ የሚገቡት የቀጥታ መስመሮች ሁለት ናቸው፦ ኤኤም1 እና ኤኤም2። ከኤኤም1 ኤሲሲ (የሬዲዮው መስመር) እና አይጂ1 ይወጣሉ፤ ከኤኤም2 አይጂ2 እና ኤስቲ2 (የሞተሪኖው መስመር)። ቁልፉ ኤሲሲ እርከን ላይ ሲሆን ኤኤም1 ከኤሲሲ ጋር ብቻ ይገናኛል። ኦን ላይ አይጂ1 ይጨመራል፣ በሌላው ወገንም ኤኤም2 ከአይጂ2 ጋር ይገጥማል። ስታርት ላይ ኤሲሲ ይለቀቅና ኤስቲ2 ይመጣል፤ ሞተር ሲነሳ ሬዲዮ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እንግዲህ ፋኑና ጌጁ ከአይጂ1፣ ሞተሪኖው ከኤስቲ2 ከሆኑ፣ የሁለቱ ፊውዝ ለየብቻ ስለሆነ አንድ ፊውዝ ሁለቱን ሊያበላሽ አይችልም። የሚገናኙት ባትሪው ላይና ስዊቹ ጋ ነው። ባትሪው ደህና ከሆነ የቀረው ስዊቹ ወይም ሶኬቱ ነው ሲል ደመደመ።

4. አራተኛው አልተስማማም። የቶዮታ ሞተሪኖ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚስበው ማግኔት) ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች እየተበሉ ያልቃሉ፤ መኪናው ሞቆ ሲቆም አይነሳም፣ ደጋግሞ ሲሞከር ይነሳል። ስለዚህ ሰውየው በከንቱ ስዊች እንዳይገዛ፣ ከሞተሪኖው ላይ ትንሿን የ50 ሽቦ (ከስዊቹ ትእዛዙ የሚመጣባትን) ነቅሎ ሌላ ሰው ቁልፉን ስታርት ላይ ሲይዝለት በቴስተር እንዲለካት መከረ። 12 ቮልት ከመጣ ስዊቹ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው አለ።

5. አንቱታው የቀረው እዚህ ጋ ነው። አምስተኛው፣ ይህን ልኬት የሚያስተምር ሰው ስንት ደህና ሞተሪኖ እንዳስፈታ ይቁጠር ብሎ ነው የገባው። አነጋገሩ ከረር ቢልም እርማቱ ትክክል ነው። ሽቦው ተነቅሎ ሲለካ ጭነት የለበትም፤ ቴስተሩ የሚስበው ኩረንት ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ በተቃጠለና በፀጉር ያህል በሚነካ ኮንታክት ውስጥም ቢሆን 12 ቮልት ያሳያል። ሽቦው በቦታው እንደተሰካ፣ ሶሌኖይዱ እየሳበ ነው መለካት ያለበት። ቶዮታ 50 ላይ የሚጠብቀው ቢያንስ 8 ቮልት ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ ከሞተሪኖው በላይ ባለው መስመር ላይ ነው። ከ8 በላይ መጥቶ ሞተሪኖው ካልዞረ የአራተኛው ጥርጣሬ ያስኬዳል። ደግሞም የመዳብ ኮንታክት ሲያልቅ «ጠቅ» ይሰማል፤ ጠያቂው የጻፈው ጭራሽ ድምፅ እንደሌለ ነው። ቀጥሎ ስዊቹ ሶኬት ጀርባ ላይ፣ ሳይነቀል፣ ኤኤም2 እና ኤስቲ2 ላይ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ አድርጎ ስታርት ላይ ይለካ አለ። ጤነኛ ስዊች ከግማሽ ቮልት ያነሰ ነው የሚያሳየው፤ ሦስት አራት ቮልት ከታየ ኮንታክቱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

አራተኛው መልስ አልሰጠም።

6. ስድስተኛው ክርክሩን ትቶ አፈታቱን በዝርዝር ጻፈ። የባትሪው ኔጋቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። መሪው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል። የመሪውን ግንድ የሚሸፍነው ፕላስቲክ ከሥር ባሉት ብሎኖች ተፈትቶ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ከላይ የሚቀረው ግማሽ በጥርስ የተያያዘ ስለሆነ በኃይል ሳይሆን ጎኑን ጨመቅ አድርጎ ነው የሚላቀቀው፣ አለዚያ ጥርሱ ይሰበርና ሽፋኑ ዕድሜ ልኩን ሲንቋቋ ይኖራል። መሪው ራሱ መፈታት የለበትም። ከስዊቹ ኋላ ያለው ሰፊ ሶኬት ምላሱ ተጭኖ በቀጥታ ይሳባል፤ ሽቦውን ይዞ መጎተት ፒኑን ያስለቅቃል። ከዚያ ሁለቱ ብሎኖች ይፈቱና ስዊቹ በቀጥታ ወደ ኋላ ይወጣል።

እዚህ ላይ አዲሱን ከመግጠም በፊት የሶኬቱን ሴት ፒኖች አንድ በአንድ በባትሪ መብራት ማየት እንደሚያስፈልግ አጥብቆ ተናግሯል። ጤነኛ ፒን ያብለጨልጫል። የጋለ ፒን ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይዞ ይደበዝዛል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ይጠቁርና ያብጣል፣ የሽቦው ልባስም ጫፉ ላይ ጠንክሮ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ፒኑ አንዴ ከጋለ መጨበጡን ያጣል፤ አዲስ ስዊች ቢገባበት እሱንም ያቃጥለዋል። ሰው በወሩ ተመልሶ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። መድኃኒቱ ሶኬቱን ከነሽቦ ጭራው ከሌላ መኪና ቆርጦ መቀየር፣ መጋጠሚያውን በክሪምፕ ወይም በሶልደር ይዞ በሚሞቅ ቱቦ ማልበስ ነው። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነገ ለሌላ ሰው ሥራ ማስቀመጥ ነው ብሎታል።

7. የብሎን ጉዳይ። የጃፓን ብሎን የመስቀል ካቻቢቴ የሚመጥነው ቢመስልም አወራረዱ ይለያል፤ ተራ ካቻቢቴ እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አላቸው። የጃፓን ካቻቢቴ ከሌለ የተራው ጫፍ በመሞረጃ ጥቂት ተሞርዶ፣ አጭር እጀታ ያለው፣ ማግኔት የነካው መሆን አለበት። ብሎኑ ከወደቀ የሚገኘው ፔዳሎቹ ሥር ሳይሆን ግንዱ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

8. ስምንተኛው ስድስተኛውን አመስግኖ አንድ የዘለለውን ነገር ሞላ፦ አቀማመጥ። ቁልፉ ወጥቶ ሲሊንደሩ ሎክ (ቁልፍ የሚወጣበት እርከን) ላይ ሆኖ ነው ሥራው መሠራት ያለበት፣ አዲሱም ስዊች ጉድጓዱ ሎክ ላይ መሆኑ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ይታያል። ሲሊንደሩ ኤሲሲ ላይ፣ ስዊቹ ሎክ ላይ ሆነው ከተጋጠሙ ሁለቱ አንድ እርከን ይዛነፋሉ፤ ወይ ቁልፉ አይወጣም፣ ወይ ስታርት ላይ ሞተሪኖው አይነሳም። ስለዚህ ባትሪው ከመታሰሩ በፊት ቁልፉ በአራቱም ቦታ ይዞር፣ ስታርት ላይ ሲለቀቅ በስፕሪንግ ራሱ ወደ ኦን መመለሱ ይረጋገጥ። ብሎኖቹም ልክ ሲይዙ ይቁም፤ የሚይዙት አካል ፕላስቲክ ነው።

9. የቪጎ (ከዚህኛው በኋላ የመጣው የሃይሉክስ ሞዴል) ባለቤት ገብቶ የራሱም እንዲሁ መሆኑን ጠየቀ። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ራሱ ቀጥሎ አብዛኛውን መለሰ፦ ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ኔጋቲቩ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ቢጫ ሶኬት አይነካም፣ ቢጫ ሽቦ በቴስተር አይለካም። ኢሞቢላይዘር ካለ ሲሊንደሩ ዙሪያ ያለችው ቀለበት ቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ የምታነበው ናት። የኋላው ስዊች ሲቀየር ቺፑን የሚመለከተው ነገር የለም። ሲሊንደር ከተቀየረ ግን አዲሱ ቁልፍ ሊዞር ይችላል፣ ሞተሩ አይነሳም፤ የድሮው ቺፕ ወደ አዲሱ ቁልፍ መዛወር ወይም መመዝገብ አለበት።

10. አሥረኛው ይህን ሁሉ ትንተና ለምን አስፈለገ የሚል ነው። አንድ ማብሪያና ማጥፊያ ለኦን፣ አንድ የክላክስ ቁልፍ ለሞተሪኖ፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል ብሏል።

11. የደረሰበት መልስ የክሩ ሻካራው ነው። አሥራ አንደኛው፣ የቤት አምፖል ማብሪያ የሚመስል ነገር 10 አምፔር ተጽፎበት የሞተሪኖ መስመር ሲጭኑበት ስንት ዳሽቦርድ እንደተቃጠለ አስታወሰው። መኪናውንም ማንም እጁን ሰዶ የሚያስነሳው አደረግከው፣ ይህን እንደ ምክር አትጻፍ አለው። ጨምሮም፣ ቁልቁለት ላይ ቁልፍ ኦፍ ሲሆን መሪ ይቆለፋል የሚል ነገር አነሳ።

12. ይህን አሥራ ሁለተኛው አረመ። መሪው የሚቆለፈው ቁልፉ ሲወጣ ነው፤ ኦፍ ስለተደረገ ብቻ አይደለም። ዋናው አደጋ ሌላ ነው ይላል። ስዊቹ አይጂን ሲለቅ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለው መቁረጫ ሶሌኖይድ ነዳጁን ይዘጋል። ማርሽ ውስጥ እስካለ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሪሲዮን ከረገጠ ግን ሞተሩ ይቆማል። ያን ጊዜ የመሪው እገዛ ይሄዳል። የፍሬኑን ቫኩም የሚሠራው ፓምፕም ዲናሞው ላይ የተገጠመ ስለሆነ አብሮ ይቆማል፤ የቀረው ቫኩም ከሁለት ሦስት እርግጫ አያልፍም። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ቁልቁለት ጭነት ይዞ ይህ ከመጣ ማርሽ ሳይለቁ፣ ፍሬኑን ሳይለቁና ሳይደጋግሙ አንድ ጊዜ ጠንክሮ ይዞ መቆም ነው። ፋኑ ኮረኮንች ላይ መጥፋት ከጀመረ ቀጣዩ የሚለቀው ሶሌኖይዱ ሊሆን ስለሚችል ጠያቂው ስዊቹን ሳይቀይር ረጅም መንገድ እንዳይወጣም አሳሰበ።

13. አሥራ ሦስተኛው ጥፋቱን ሁሉ የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ጫነው። የቤቱ፣ የሱቁና የሞተር ሳይክሉ ቁልፍ አንድ ላይ ተንጠልጥሎ ኮረኮንች ላይ ሲወዛወዝ ሲሊንደሩን ይበላዋል፤ ለማስረጃም ጄኔራል ሞተርስ በ2014 እ.ኤ.አ. በቁልፍ ስዊች የተነሳ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን መጥራቱን ጠቀሰ።

14. የዚያኛው ነገር መልበስ አልነበረም ብሎ አሥራ አራተኛው አስተካከለው። እዚያ ስዊቹ ውስጥ ያለው ቁልፉን በእርከኑ የሚይዘው ስፕሪንግ ከመነሻው ደካማ ነበር፤ ቁልፉ እየሄደ ወደ ኤሲሲ ሲንሸራተት ሞተሩም ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይፈነዳም፣ ኩባንያው ራሱ ባቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሞት ተቆጥሯል። ከባድ ማንጠልጠያ አባባሽ እንጂ ምንጭ አልነበረም። የእኛው መኪና ላይም ማንጠልጠያውን ማቅለል ይጠቅማል፣ የተቃጠለ ኮንታክት ግን አያድንም።

15. ዕቃ የት ይገኛል ለሚለው፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ቅጂ ይሻላል የሚል መልስ መጣ። ቅጂውን ለመለየትም ማግኔት ይዞ መሄድ፤ ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፣ መዳብ አይደለም።

16. ማግኔቱ ፒኖቹ ላይ ብቻ እንጂ ስዊቹ አካል ላይ እንዳይሞከር አሥራ ስድስተኛው አከለ፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ብረት ስለሆነ ኦሪጅናሉም ይይዛል። ያገለገለውን በተመለከተ ደግሞ ከመግዛት በፊት ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ በካቻቢቴ ጉድጓዱን እያዞሩ እያንዳንዱን እርከን መፈተን፣ ፒኖቹ የደበዘዙትን አለመግዛት። ተከፍቶ በብርጭቆ ወረቀት የተጠረገ ስዊች ከሚሸጥ ሰው ግን ሽሹ አለ፤ ኮንታክቱ ላይ ያለው ስስ ልባስ አብሮ ስለሚጠረግ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው።

17. አሥራ ሰባተኛው ማንም ያላሰበውን ጠየቀ፦ መኪናው ላይ ጂፒኤስ ተገጥሞበታል ወይ? የድርጅት የነበሩ ፒክአፖች ላይ ሞተር የሚያጠፋው ሪሌይ (በትንሽ ኩረንት ትልቅ መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የሚገባው ተቆርጦ እዚሁ ከስዊቹ በሚወጣው ሽቦ መካከል ነው። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ሳጥኑ ይነሳል፣ የተቆረጠው ሽቦ ግን ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሎ ይቀራል። ኮረኮንች ላይ የሚጠፋና የሚመለስ ነገር ሲኖር ሽፋኑን ከፍቶ መጀመሪያ ናስትሮ መፈለግ ነው።

18. ጠያቂው ተመለሰ። ልኬቱን እንደ አምስተኛው ምክር አድርጎታል፦ ባትሪው 12.5፣ ስታርት ላይ ሞተሪኖው 50 ላይ 5.2፤ በኤኤም2 እና በኤስቲ2 መካከል ከ6 ቮልት በላይ። ስዊቹ ተፈረደበት። ሽፋኑ ሲከፈት ደግሞ አሥራ ሰባተኛው እንዳለው አይጂ1 ላይ የተጠመዘዘ መጋጠሚያ ተገኘ፤ ከዚያው ላይ ለጭጋግ መብራትና ለስልክ ቻርጀር መስመር ተወስዷል፣ የሶኬቱም አይጂ1 ፒን ጠቁሯል። ስዊቹንና የሶኬቱን ጭራ ቀየረ፤ ሲሊንደሩ፣ ቅንፉና ቁልፎቹ የድሮዎቹ ናቸው። በዚህ መሠረት ጋራዡ ያዘዘው ሙሉ ስብስብ ቢገዛ ኖሮ የጠቆረው ፒን እዚያው ይቀር ነበር፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ጋራዡን አልወቀሰም።

19. እንኳን ደስ አለህ ካለ በኋላ፣ አሥራ ዘጠነኛው አዲሱ ስዊች እንዳይቃጠል ሪሌይ እንዲጨመር መከረ። የሞተሪኖ መስመሩ ላይ ፋብሪካው የገጠመው ሪሌይ ከሌለ ባለ 12 ቮልት 40 አምፔር ሪሌይ ይበቃል (ቁጥሮቹ ሪሌዩ እግሮች ላይ የተጻፉት ናቸው)፦ 30 ከባትሪ ፖዘቲቭ በ30 አምፔር ፊውዝ፣ 87 ወደ ሞተሪኖው 50፣ 86 ከስዊቹ የሚመጣው የድሮው ሽቦ፣ 85 ቦዲ። ወፍራሙ መስመር ከ4 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። የጭጋግ መብራቱም እንዲሁ በራሱ ሪሌይ ከባትሪ ይምጣ፤ ከስዊቹ የሚወሰደው የሪሌዩ ማዘዣ ብቻ ይሁን።

20. ከዚህ በኋላ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። አንዱ ለአይሱዙ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ይህንኑ ሪሌይ ሊገጥም ጠየቀ። ያ መኪና 24 ቮልት ስለሆነ የ12ቱ ሪሌይ ጠመዝማዛው ይቃጠላል፤ 24 የተጻፈበት ይፈለግ ተብሎ ተመለሰለት።

21. ሌላው ቁልፉ ጭራሽ አልዞርም ያለው ነው። ይህ የሲሊንደር ጉዳይ ነው፣ የስዊች አይደለም። ቁልፉ ኤሲሲ ድረስ እስከዞረ ሲሊንደሩ በቀላሉ ይወጣል፦ ኤሲሲ ላይ አድርጎ ቅንፉ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ፒኑን ተጭኖ መሳብ። ጭራሽ ካልዞረ ፒኑ አይገባም፣ ወደ መሰርሰር ያስኬዳል። ስለዚህ አልፎ አልፎ መንገራገጭ ሲጀምር ነው መቀየር ያለበት። ቀዳዳው ውስጥ ዘይትም ናፍጣም አይጨመር፤ አቧራ ያቦካል። ደረቅ ግራፋይት ነው የሚገባው። ቁልፍ ሲቀረጽም ከተበላው ቁልፍ ላይ ከተቀዳ አዲሱም እንደተበላ ይወለዳል፤ ያልተነካ መጠባበቂያ ካለ ከእሱ፣ ወይም ከቁልፉ ቁጥር ይቀረጽ። አዲስ ሲሊንደር የገዛ ሰው ሁለት ቁልፍ መያዝ ካልፈለገ፣ ጥሩ ቁልፍ ሠሪ ውስጡ ያሉትን ስስ ቅጠሎች ከድሮው ጋር አመሳስሎ ለበሩም ለሞተሩም አንድ ያደርግለታል።

22. የመጨረሻው ያለው፣ ስዊች ከቀየረ ጀምሮ በር ሲከፈት ቁልፍ ሳይኖርም የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ አልቆም ያለው ሰው ነው። ስድስተኛው ተመልሶ መለሰለት። ሲሊንደሩ ጎን ላይ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ማይክሮ ስዊች አለች፤ ቁልፍ መኖሩን የምትነግረው እሷ ናት። ሽፋኑ ሲገጠም ሽቦዋ ተቆንጥጦ ወይም ምላሷ ተጭና ቀርታለች። ሽፋኑ እንደገና ተከፍቶ ሽቦው በመያዣው ውስጥ ይለፍ፣ ቁልፉ ሲገባና ሲወጣ ምላሷ መንቀሳቀሷ ይታይ፤ ካልተንቀሳቀሰች ለብቻዋ ትገዛለች።